ባቡሩ ትቶት የሄደው ዝምታ

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አርዴሽ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ከሮን ወንዝ ዳር ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣ አንድ የጠጠር መንገድ አለ። ዶልቼ ቪያ ይባላል። ከቅርንጫፉ ጋር ሲደመር 90 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። መኪና አይገባበትም፤ ሞተር ሳይክልም እንደዚያው። የምትሰሙት የኤሪዩ ወንዝን ድምፅ፣ ጎማችሁ ጠጠሩን ሲፈጭ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከኋላ የመጣ ብስክሌተኛ "ቦንዡር" ብሎ ሲያልፍ ነው።

እዚያ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚለው "እንዴት ያለ ተፈጥሮ ነው!" ነው። እውነቱን ነው፣ ተራራውም ወንዙም የተፈጥሮ ናቸው። መንገዱ ግን የተፈጥሮ አይደለም። መሐንዲስ ለክቶት፣ ሠራተኛ ድንጋይ ፈልጦለት፣ መንግሥት ገንዘብ አፍስሶበት፣ በኋላም ከስሮ የተዘጋ ነገር ነው። በፈረንሳይ ገጠር መኪና የሌለባቸው ብዙዎቹ ጥሩ መንገዶች እንደዚህ ናቸው፤ ለሌላ ሥራ ተሠርተው ሥራቸውን ያጡ። እኔን የገረመኝ መሠራታቸው አልነበረም። ከከሰሩ በኋላ እንዴት ሳይጠፉ ቀሩ? ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታው ላይ ያለው አጉል መስመር

የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ግን ኮድ መጻፍ ነው። የምኖረው ሊዮን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክዬ ስለምውል፣ ቅዳሜ ሲመጣ ብስክሌቴን ባቡር ላይ ጭኜ ከከተማ እወጣለሁ። ብስክሌቴ ግራቭል የሚባለው ዓይነት ነው፦ መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ሰፋ ያለ፣ አስፋልትም ኮረኮንችም የሚችል።

ዓርብ ማታ ካርታ እከፍታለሁ። ቀስ በቀስ ዓይኔ አንድ ነገር ለመደ። ተራራማ አገር ውስጥ የገበሬ መንገድ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ድንገት ይታጠፋል፣ ማሳ ሲያገኝ ይዞራል። አንዳንድ መስመር ግን እንዲህ አያደርግም። ረጅም፣ ለስላሳ ኩርባ ይዞ ይሄዳል። ሸለቆ ሲያጋጥመው አይወርድም፤ ድልድይ አለው። ኮረብታ ሲያጋጥመው አይወጣም፤ ዋሻ አለው። እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ፣ ከመቶ ዘጠናው ጊዜ ባቡር የሄደበት ነው።

ማረጋገጥም ይቻላል። የፈረንሳይ ብሔራዊ የካርታ ተቋም የድሮ የአየር ላይ ፎቶዎችን ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። በግራ የ1950ዎቹን፣ በቀኝ የዛሬውን አድርጋችሁ አንዱን በሌላው ላይ ትስባላችሁ። በግራ በኩል ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ የቆሙ ፉርጎዎች። በቀኝ በኩል ዛፍ የዋጠው ጭረት፣ ወይም የብስክሌት መንገድ፣ ወይም ምንም፤ በቃ፣ ማሳ። ሦስቱ ዕድሎች እነዚህ ናቸው። የትኛው መስመር የትኛው ዕድል እንደደረሰው መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ባቡር

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ መሐንዲስ ነው። ሻርል ደ ፍሬይሲኔ ይባላል። የተማረው በፓሪሱ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ነው፤ በኋላ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር፣ ከዚያም አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ፈረንሳይ በ1870 እና 1871 በፕሩሲያ ተሸንፋ ነበር። ሪፐብሊኩ ገና ወጣት ነው፣ የንጉሥ ናፋቂዎች አሉበት፣ ገጠሩ ደግሞ ከፓሪስ በጣም የራቀ ነበር። ፍሬይሲኔ ያመጣው መልስ የመሐንዲስ መልስ ነበር፦ አገሩን በብረት እንሰረው።

በሐምሌ 1879 የጸደቀው ሕግ 181 አዲስ የባቡር መስመሮችን ዘረዘረ፤ አጠቃላይ ርዝመታቸው ከ8,000 ኪሎሜትር በላይ ነበር። ዓላማው ትንንሾቹ የአውራጃ ከተሞች ሳይቀሩ ባቡር እንዲደርሳቸው ነው። በዚያው ዓመት ለቦዮችም ደረጃ ወጣ፦ ዋና ዋናዎቹ የውኃ መንገዶች 38.5 ሜትር ርዝመት ያለውን ጀልባ ማስተናገድ እንዲችሉ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኛ ፕሮግራመሮች ስታንዳርድ የምንለው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ልኩ ከተወሰነ በኋላ ሁሉም ሰው በዚያ ልክ ይሠራል፣ ልኩም ከሠሪው በላይ ይኖራል። ዛሬም በፈረንሳይ ቦዮች ላይ የፍሬይሲኔ ልክ የሚባል አለ። ጀልባ በፈረስ ይጎተትበት የነበረው የቦይ ዳር መንገድም ዛሬ ብዙ ቦታ የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

ግን ተራራ አለ። ዋናው የፈረንሳይ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊሜትር ስፋት አለው። እንዲህ ያለ ሐዲድ ሰፊ ኩርባ ይፈልጋል፤ ሰፊ ኩርባ ደግሞ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ዋሻና ብዙ ድልድይ ማለት ነው። ገንዘብ ይበላል። በ1880 የወጣው የአካባቢ ባቡሮች ሕግ ለርካሹ አማራጭ በሩን ከፈተ፦ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ። ልዩነቱ 43 ሴንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው። ነገር ግን ጠባቡ ሐዲድ በገደል ጥግ እንደ እባብ መጠማዘዝ ይችላል።

ይህ ልክ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከጂቡቲ አዲስ አበባ የመጣው ባቡር የሄደው በዚሁ አንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኑ ፈቃዱን ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ተጀመረ፣ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ መስመር ነው። ጠባብ ሐዲድ የተመረጠበት ምክንያትም ያው ነው፦ ተራራ፣ ወጪ፣ እና "ካለው ይሻላል" የሚል ስሌት። "ለገሃር" ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው ላ ጋር፣ ጣቢያው፣ ከሚለው ቃል ነው። ስለዚህ አርዴሽ ውስጥ አንድ ሜትር ሐዲድ ለብሶ የነበረ ዋሻ ውስጥ ስገባ፣ የማላውቀው ነገር ውስጥ የገባሁ አልመሰለኝም።

ኮክ፣ ሐርና ሰው የጫነው ባቡር

ዶልቼ ቪያ የተቀመጠበት መስመር የቪቫሬ መረብ የሚባለው አካል ነበር። ቪቫሬ የአርዴሽ የድሮ ስሙ ነው። መረቡ በሙሉ 200 ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተከፈቱት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ወደ ደጋው የሚወጣው ደግሞ በ1902 እና 1903 አካባቢ። አንዱ መስመር ከሮን ዳር ላ ቩልት ተነስቶ በኤሪዩ ሸለቆ ወደ ለ ሼላር ይወጣል። ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላማስትር፣ ሌላው ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ ወዳለው ወደ ሴንት አግሬቭ ይሄዳል። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ እዚያ ደግሞ ወንድሙ ወደ ሴንት አግሬቭ እየተጠማዘዘ ነበር ማለት ነው።

የሸለቆው ሰው ባቡሩን ለምን ፈለገው? ሸለቆው ኮክ ያበቅላል። ኮክ ደግሞ ቶሎ ካልደረሰ የሚበላሽ ፍሬ ነው፤ በበቅሎ ጋሪ ሁለት ቀን ከተንገላታ አልቆለታል። ደረት ነትም ነበር፤ ሐርም ነበር። በወንዙ ኃይል የሚሽከረከሩ የሐር ክር መጠምዘዣ ፋብሪካዎች ሸለቆውን ተከትለው ተደርድረው ነበር፤ ገበያቸው የሊዮን ሸማኔዎች ናቸው። ባቡሩ ፈጣን አልነበረም። ግን በየቀኑ ይመጣል።

ሌላም ሰው አምጥቷል። መስመሩ ከሴንት አግሬቭ አልፎ ለ ሻምቦን ሱር ሊኞን በሚባል የፕሮቴስታንት መንደር በኩል ያልፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚዎችና ከቪሺ መንግሥት የሸሹ አይሁዶች፣ ከእነርሱም ብዙ ሕፃናት፣ በዚህ መንደርና በዙሪያው ባሉ የገበሬ ቤቶች ተሸሸጉ። ፓስተሩ አንድሬ ትሮክሜ በየካቲት 1943 ታስሮ ነበር፤ መደበቁ ግን አልቆመም። ከሸሹት ብዙዎቹ ደጋውን የረገጡት ከዚያች ጠባብ ባቡር ወርደው ነው። በ1990 የእስራኤሉ ያድ ቫሼም ለመንደሩና ለአካባቢው ነዋሪ በሙሉ የክብር ዕውቅና ሰጠ፤ ብዙ ጊዜ ለግለሰብ እንጂ ለመንደር የማይሰጥ ዕውቅና ነው።

ይህን የምጽፈው ለማሳመር አይደለም። ባቡሩ ሲሠራ አንድም ሰው ስለዚህ አላሰበም። የታሰበው ኮክ ነው። መንገድ አንዴ ከተዘረጋ ግን ማን እንደሚመጣበት፣ ለምን እንደሚመጣበት፣ የዘረጋው ሰው አይወስንም።

እንዴት ሞተ?

ሲያድግም ሲሞትም ፈጣን ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ፈረንሳይ ዋናውና የአካባቢው ሐዲድ ተደምሮ 60,000 ኪሎሜትር ገደማ ነበራት። ዛሬ ያላት 28,000 ገደማ ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገጠሩ ወጣቶቹን በሞት አጥቶ ነበር፤ በየመንደሩ አደባባይ ስማቸው ድንጋይ ላይ ተጽፏል። የተረፉት ወደ ከተማ ፈለሱ። ከጦርነቱ የተረፉ የጭነት መኪናዎች ገበያ ላይ ወጡ። አውቶቡስ መጣ፤ አውቶቡስ ጣቢያ አይፈልግም፣ ደጅህ ድረስ ይመጣል፣ መንገዱንም የሚጠግንለት መንግሥት ነው። ባቡሩ ግን ሐዲዱን ራሱ መጠገን አለበት። ጥር 1 ቀን 1938 ብሔራዊው የባቡር ድርጅት ኤስ ኤን ሴ ኤፍ ሲመሠረት፣ በዚያውና በተከታዩ ዓመት ብዙ ትንንሽ መስመሮች የሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎታቸው ቀረ።

ቪቫሬ ታገለ። በ1930ዎቹ የእንፋሎቱን ባቡር በናፍጣ በሚሄዱ ቀላል ሠረገላዎች ደገፉት፤ ወጪ ቀነሰ። ተራራው ላይ መንገዱ መጥፎ ስለነበር አውቶቡስም ቶሎ አላሸነፈውም። በ1968 መጨረሻ ግን በቃ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት የባቡር ወዳጆች ከቱርኖን ወደ ላማስትር ያለውን ክፍል ተረክበው ለጎብኚ አስነሱት፤ እስካሁንም ይሄዳል። በሌሎቹ ብዙ ክፍሎች ሐዲዱ ተነቀለ፣ ብረቱ ተሸጠ።

ሸለቆው ውስጥ ከአንድ የቀድሞ ጣቢያ አጥር ጋ ውኃ ስሞላ አንዲት አሮጊት አነጋገሩኝ። ባቡሩን በልጅነታቸው ያስታውሳሉ። የኮክ ቅርጫት ሲጫን ጣቢያው በሙሉ ይሸት ነበር አሉኝ። ሲዘጋ አዝነው እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ። ማንም አላዘነም፣ ሁላችንም መኪና ገዝተን ነበር አሉ። ይህን መልስ የወደድኩት ሐቀኛ ስለሆነ ነው። ባቡሩን የገደለው ክፉ ሰው አልነበረም።

ጠባቧ ቁራጭ መሬት

ሐዲድ ሲነቀል የሚቀረው ምንድን ነው? ጥቂት ሜትሮች ስፋትና ብዙ ኪሎሜትር ርዝመት ያለው መሬት። ለእርሻ አይመች፤ ሥሩ ድንጋይ ነው። ለቤት አይመች፤ ጠባብ ነው። እንደ ንብረት ካያችሁት ዋጋው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ዋጋው ያለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ አለመቋረጡ ላይ።

አለመቋረጥ ደግሞ አንዴ ከጠፋ የማይመለስ ነገር ነው። አንድ ጎረቤት 50 ሜትሯን ገዝቶ የዶሮ ቤት ከሠራባት፣ የቀረው 20 ኪሎሜትር ሁለት ቦታ ተቆረጠ ማለት ነው። በፈረንሳይ ብዙ መስመር እንዲህ ሄዷል። መስመሩ ከባቡር ንብረትነት ተሰረዘ፣ በቁራጭ በቁራጭ ለጎረቤቶች ተሸጠ፣ አለቀ። ዛሬ በብስክሌት እየሄዳችሁ ድንገት "መንገዱ ወደ አስፋልት ይወጣል" የሚል ምልክት ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከፊታችሁ እንዲህ የተሸጠ ቁራጭ አለ። ከቤቱ ጀርባ አሻግራችሁ ስታዩ መስመሩ እንደገና ይጀምራል።

መንገድ የሆነው መሬቱን ከነሙሉነቱ የገዛው ወይም የያዘው አካል ባለበት ነው፤ የመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ወይም ዲፓርትማ የሚባለው፣ እኛ ዞን ልንለው የምንችለው አስተዳደር። በፈረንሳይ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎሜትር ነው፤ በ1997 ተከፈተ። በወይን እርሻዎች መካከል፣ በድሮ ጣቢያዎች በኩል ያልፋል። ከክሉኒ ወደ ደቡብ ሲቀጥል 1,600 ሜትር የሚሆነው የቧ ክሌር ዋሻ አለ። ክረምት ሲመጣ ዋሻው ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፤ ብስክሌተኛው በኮረብታው ይዞራል። ባቡር ቢሆን እንዲህ ያለ ጨዋነት አይኖረውም ነበር።

በ2004 ደግሞ ይህ ዓይነቱ መንገድ በትራፊክ ሕግ ውስጥ ስም አገኘ፤ "ቧ ቬርት"፣ አረንጓዴ መንገድ፣ ሞተር ለሌለው ሁሉ የተለየ። ስም ማግኘት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ስም የሌለው ነገር በጀት የለውም። የአርዴሹ ዶልቼ ቪያ በአብዛኛው የተዘረጋው ከዚህ በኋላ፣ በየክፍሉ፣ በየዓመቱ ነው። አስፋልት አልፈሰሰበትም፤ የተጠቀጠቀ አሸዋና ጠጠር ነው። እኛ ቤት ፒስታ የምንለው ዓይነት፣ ግን ጉድጓድ የሌለው።

ሲሄዱበት የሚሰማው ነገር ልዩ ነው። የአርዴሽ አስፋልት መንገዶች ሳንባ ያወጣሉ። ይሄኛው ግን ባቡር መውጣት እንዲችል የተሠራ ስለሆነ አቀበቱ በብዙ ቦታ ከ3 በመቶ አይበልጥም። ላ ቩልት 100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሴንት አግሬቭ ከ1,000 በላይ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ግን ማርሽ አስተካክላችሁ ዝም ብላችሁ ብትረግጡ፣ መውጣታችሁን የምታውቁት ወንዙ ወደ ታች ሲርቅ ስታዩ ነው። ያን ያህል ልስላሴ ያገኛችሁት የእንፋሎት ባቡር ደካማ ስለነበር ነው። የማሽኑ ድክመት የእኛ ጉልበት ሆኖ ቀረ።

ብስክሌቱም አዲስ አይደለም

ግራቭል የሚለው ስም የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ሐሳቡ ግን በዚህ አገር የቆየ ነው። ከአርዴሽ ትንሽ ወደ ሰሜን ሴንት ኤትየን የምትባል የማዕድንና የብረት ከተማ አለች። በ1853 የተወለደው ፖል ደ ቪቪ የኖረው እዚያ ነው፤ ራሱን ቬሎስዮ ብሎ ይጠራ ነበር። የብስክሌት መጽሔት ነበረው። ያን ጊዜ አብዛኛው መንገድ ኮረኮንች ነው። እሱ ይል የነበረው፣ ተራ ሰው በተራራ ላይ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ሰፋ ያለ ጎማና ብዙ ማርሽ ያስፈልገዋል ነው። የውድድሩ ዓለም ማርሽ መቀየሪያን እንደ ድክመት ይቆጥረው ነበር፤ ቱር ደ ፍራንስ የፈቀደው በ1937 ነው።

ቬሎስዮ ያንን አላየም። በ1930 በከተማው ጎዳና ላይ ትራም ገጭቶት ሞተ። ስለ እግርና ስለ ጎማ ዕድሜ ልኩን የጻፈ ሰው የሞተው በትራፊክ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው መቶ ዓመት ገደማ ያረጋገጠው እሱ ስለ ማርሹም ስለ ጎማውም ልክ እንደነበረ ነው። የጎደለው ሰላማዊ መንገድ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሞቱት ባቡሮች አመጡት።

በመሄድ የሚኖር መንገድ

ሁሉም ግን ሐዲድ አይደለም። ዶልቼ ቪያን የመሰለ መንገድ ሰው ይጠብቀዋል፤ በጀት አለው፣ ምልክት አለው። የግራቭል ሰው የሚወደው ሌላኛው ዓይነት ግን ጠባቂ የለውም። ከመንደር መንደር፣ ከማሳ ማሳ የሚሄደው የገጠር መንገድ ነው።

ይህ መንገድ የድካም ታሪክ አለው። በ1836 የወጣ ሕግ ገበሬውን በዓመት እስከ ሦስት ቀን በመንደር መንገድ ላይ እንዲሠራ አስገደደው፤ ያልፈለገ በገንዘብ ይከፍላል። ደቦ አትበሉት፤ ግብር ነበር። በ1881 የገጠር መንገዶች የራሳቸው ሕግ ወጣላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ትራክተር መጣ፣ ትራክተር ሰፊ ማሳ ይፈልጋል፣ መንግሥትም የተበጣጠሰውን ይዞታ እያጠጋጋ ወሰኑን እንደ አዲስ አሰመረ። እኛ ኩታ ገጠም እርሻ የምንለው ትንሽ ይቀርበዋል፤ የፈረንሳዩ ግን የባለቤትነቱን መስመር ራሱን ነው የቀየረው። በዚያ ሂደት የቁጥቋጦ አጥሮችና በመካከላቸው የሚያልፉ መንገዶች በብዛት ተገለበጡ፣ ታረሱ።

የተረፈው ዛሬም አደጋ ላይ ነው፤ አደጋው ያለው ሕጉ ውስጥ ነው። የገጠር መንገድ የመንደሩ ማዘጋጃ ቤት የግል ንብረት ተብሎ ይቆጠራል፤ እንደ ዋናው መንገድ የማይሸጥ የማይለወጥ አይደለም። ሕዝቡ መጠቀም ካቆመ ማዘጋጃ ቤቱ ሊሸጠው ይችላል። ከዚህ የባሰው ይርጋ ነው፦ ጎረቤቱ ገበሬ መንገዱን አርሶ 30 ዓመት በሰላም ከያዘው የራሱ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ ግማሽ ሜትር፣ በየዓመቱ አንድ ፈር። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልጮኸም፣ ካዳስተሩ ላይ ያለው መንገድ መሬት ላይ የለም።

መከላከያዎች ተበጁ። በ1983 የወጣ ሕግ ዲፓርትማዎች የእግር ጉዞ መንገዶችን መዝገብ እንዲያዘጋጁ አደረገ፤ እዚያ የተመዘገበ የገጠር መንገድ ምትክ ሳይዘጋጅ አይሰረዝም። በየካቲት 2022 የወጣው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቶች መንገዶቻቸውን እንዲቆጥሩ ዕድል ሰጠ፤ ቆጠራ ሲወሰን የይርጋው ሰዓት ለጊዜው ይቆማል። ይህን ሳውቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ፤ የማንም ያልሆነ ኮድ ከማጥፋቱ በፊት "መጀመሪያ ማን እንደሚጠራው ቁጠሩ" የሚል ሰው ነው። መንገድም እንደዚያው ነው።

ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን ይኼ ነው፦ አንድ የገጠር መንገድ የሕዝብ ነው የሚያሰኘው፣ ሕጉ ላይ፣ ሕዝቡ የሚያልፍበት መሆኑ ነው። መተላለፉ ማስረጃ ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የምትተዉት የጎማ ፈለግ፣ ቀላል ቢመስልም፣ ለመንገዱ የሚመሰክር ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ስመርጥ ሐሳቤ ተቀየረ። ምልክት ያለበትን፣ ሁሉም የሚያውቀውን ብቻ መሄድ ተውኩ። ካርታ ላይ በነጥብ የተሰመረውን፣ ሣር የጀመረውን፣ አጥሩ ወደ ውስጥ የገፋውን ሆን ብዬ እሄድበታለሁ። እሾህ አንዳንዴ ካላማደሪያ ያስከፍለኛል።

የእኛው አንድ ሜትር

ከጂቡቲ አዲስ አበባ ያለው አዲሱ ባቡር በ2016 ተመርቋል፤ ሰፊ ሐዲድ ነው፣ በአብዛኛው የራሱ መስመር አለው። የድሮው አንድ ሜትር ወደ ጎን ቀርቷል። ስለ እሱ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሕንፃዎቹ ነው፤ ስለ ለገሃር፣ ስለ ድሬዳዋ ጣቢያ፣ ስለ ድሮው ጥገና ቤት። ሕንፃ ፎቶ ይወጣል፣ ሕንፃ ትዝታ አለው፤ መከራከሩም ተገቢ ነው።

ከአርዴሽ የተማርኩት ግን ሕንፃው የመጨረሻው ጥያቄ መሆኑን ነው። ጣቢያ ቢፈርስ መልሶ ይሠራል። ቀድሞ የሚሞተው በጣቢያና በጣቢያ መካከል ያለው ጠባብ መሬት ነው፤ ፎቶ የማይነሳው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማንም የማይጠይቀው። ብስክሌት ይሂድበት፣ ግመል ይሂድበት፣ የውኃ ቧንቧ ይቀበርበት፣ ወይም አንድ ቀን እንደገና ባቡር ይሂድበት፣ ያ ሁሉ የሚመረጠው መሬቱ ሳይቆራረጥ ከቆየ ብቻ ነው። ፈረንሳዮችም ሐዲዱን ሲነቅሉ የግራቭል ብስክሌት በሐሳባቸው አልነበረም። ብዙ ቦታ አጥተዋል። ያተረፉት፣ የሚጠቅምበትን ሥራ ገና ሳያውቁ ቁራጩን ያልሸጡበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ሰሞኑን ማታ ማታ የምሠራው ትንሽ ሥራ አለ። ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነፃ ካርታ ላይ የሳተላይት ምስል እየተመለከትኩ የድሮውን መስመር በየክፍሉ አሰምራለሁ፦ ሐዲዱ ያለበትን አንድ ዓይነት፣ ሐዲዱ የተነቀለና መሬቱ የሚታይበትን ሌላ ዓይነት፣ ቤት የተሠራበትን ሦስተኛ ዓይነት። ያቺ ለስላሳ ኩርባ እዚያም ታስታውቃለች፤ ዓይኔ ለምዷታል። ካርታ ሕግ አይደለም፣ ማንንም አያስገድድም። ግን ቆጠራ ነው። ከአካባቢው የሆናችሁ፣ አዋሽም ሆነ ሞጆ፣ ኤረርም ሆነ ሁርሶ፣ ሳተላይቱ የማያየውን ታውቃላችሁ፤ ድልድዩ ይሻገራል ወይስ ተሰብሯል፣ ሰው ይሄድበታል ወይስ አጥር ገብቶበታል። ካርታው ክፍት ነው፣ ለማረም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለአንድ ጣቢያ አካባቢ አንድ ማታ ይበቃል።